ወንድሜ ከግቢ ተባርሮ አራት ወር ደበቀኝ

ይህን የጻፈችልኝ የባሕር ዳር ነዋሪ ናት። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ሐይቁ ዳር አሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። እናታችን ስታርፍ ወንድሜ የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እኔ በ2003 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ነው። እሱ ግን ጎበዝ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 12ኛን አለፈልን፣ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባልን። በየወሩ 2500 ብር እልክለታለሁ። ላፕቶፕ ገዛሁለት፣ ለራሴ ጫማ ሳልቀይር። ሁለተኛ ዓመት ላይ በውጤት ተባረረ። ይህን የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ከሰው! ለካ እዚሁ ባሕር ዳር ጓደኛው ጋ ተቀምጧል። በደወልሁ ቁጥር ‹ፈተና ላይ ነኝ›፣ ‹መንገድ ተዘግቷል አልመጣም› እያለ ብሬን ይቀበል ነበር። እንዲህ ያለ ውሸታም ነው ያሳደግሁት? አሁን ከፍዬ ግል ኮሌጅ ላስገባው ወይስ እጄን ላንሳ? ፊቱን ማየት አስጠልቶኛል።»

እህቴ፣

ንዴትሽን አልከራከርም። ጭስ ዓይንሽን እያቃጠለው ያገኘሽውን ብር እየተቀበለ አራት ወር ሲዋሽሽ፣ እውነቱንም ከሌላ ሰው አፍ ስትሰሚው ያማል። ማንም ቢሆን ይናደዳል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነቢ ግን ለእሱ ያደላሁ ሊመስልሽ ይችላል። እውነትሽን ነው፣ ትንሽ አድልቻለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሲያልፍ «አለፈልን» ብለሻል። ሲገባ «ገባልን»። ሲወድቅ «ተባረረ»። «ተባረረብን» እንኳን አላልሽም። ማለፉ የሁላችሁ ነበር፣ መውደቁ የብቻው ሆነ። አስበሽበት እንዳልጻፍሽው አውቃለሁ፤ እኛ አገር ብዙው ቤት የሚያወራው እንዲሁ ነው። ልጁ ግን ይህን አነጋገር እየሰማ ነው ያደገው። ጥሩ ውጤት ሲይዝ «ልን» አለ፣ ሲበላሽበት ብቻውን ነው። እንግዲህ የተባረረ ቀን ስልክ አንስቶ ለማን ይደውል?

ሌላም አለ። ለጫማሽ፣ ለላፕቶፑ፣ ለ2500 ብሩ ቦታ ሰጥተሻል። ለራስሽ 10ኛ ክፍል ግን አንዲት መስመር። «ነጥብ አልመጣልኝም፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ነው።» በቃ። ያኔ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ቤቱ። ገና ልጅ ነበርሽ። ውጤቱን ያየሽ ቀን ማን አጠገብሽ ነበር? አልቅሰሻል? እናትሽ ምን አሉ? ልሳሳት እችላለሁ፣ ግን ስለዚያ ቀን ለማንም በደንብ አውርተሽ የምታውቂ አይመስለኝም። ትንሽ ቆይቶ እናትሽ አረፉ፣ የ8 ዓመት ልጅ እጅሽ ላይ ቀረ፣ ማልቀሻ ጊዜም አልነበረሽም።

ከዚያ ይህ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ወጣ። የ2015ን ፈተና ደግሞ ታስታውሺዋለሽ፤ ከ100 ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት አያቅተኝም። ልጁ ግቢ ሲገባ ከራሱ ሻንጣ ጋር ያንቺንም 10ኛ ክፍል ተሸክሞ ገባ። እና ውጤቱ ሲለጠፍ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ያንቺን ሁለተኛ ዕድል ጭምር እንዳጠፋ ነው የተሰማው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል? «እትዬ፣ ጫማ ሳትቀይሪ ያስተማርሽኝን ጣልሁት» ይበልሽ?

ስለ ውለታ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ዘንድ ከሚመጡት የቤተሰብ ጣጣዎች ግማሹ ከሥሩ ሲታይ እሱ ነው። ያደረግሽለት ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይወስድብሽም። ግን ውለታ ሲቆጠር መልኩ ይለወጣል። የሚቆጥረው ሰው አፉን ከፍቶ ላይናገር ይችላል፤ የደከመ ፊቱ፣ ያረጀ ጫማው ይናገርለታል። ተቀባዩ ታዲያ የምስራች ብቻ ይዞ መምጣት ይለምዳል። መጀመሪያ አንድ «ዲ» ይደብቃል። ቀጥሎ «ኤፍ»ን። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው እሱንም ይደብቃል፣ «በሚቀጥለው ሴሚስተር አስተካክለዋለሁ፣ ሳታውቅ ያልፋል» ብሎ። ተማሪ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይወድቅም። ወንድምሽ አራት ወር ዋሸኝ ብለሻል፤ እኔ ከዚያ በፊትም ቢያንስ አንድ ዓመት ብቻውን ሲንቀጠቀጥ የከረመ ይመስለኛል። ቀድሞ ቢናገር ሊረዳ የሚችል ሰው ነበረው። አንቺን። ግን እውነቱን ከሰው ሁሉ መጨረሻ እንድትሰሚ ያደረገሽ እሱ ዘንድ ያለሽ ክብደት ነው። ንቆሽ አይደለም፤ የናቀ ሰው ይህን ያህል አይጨነቅም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። መደበቅ ከፈለገ ለምን ባሕር ዳር መጣ? አገሩ ሰፊ ነው። አንቺ በምትኖሪበት፣ ግማሹ ሰው በሚያውቃችሁ፣ ገበያ በወጣ ቁጥር ጎረቤት በሚያየው ከተማ ተቀመጠ። ሊጠፋ የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም። እንደኔ እንደኔ እንድታገኚው እየጠበቀ ነበር፣ ራሱ የሚመጣበት እግር ግን አጣ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ግል ኮሌጅ ለመክፈል አትቸኩዪ። መጀመሪያ የተባረረው በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሆነ ይታወቅ። ዝርዝሩ እንደየዩኒቨርሲቲው መመሪያ ይለያያል፤ በሩ ጨርሶ የሚዘጋ ዲስሚሳል አለ፣ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ቆይቶ ሪአድሚሽን፣ ማለትም መልሰው እንዲቀበሉት፣ ለመጠየቅ የሚያስችልም አለ። ግሬድ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውን ይዞ ሪጅስትራር ራሱ ሄዶ ይጠይቅ። ራሱ፣ አንቺ አይደለሽም። ማመልከቻውም የጊዜ ገደብ አለው። ታሞ ወይም ከባድ ነገር ደርሶበት ከነበረ ማስረጃውን ይፈልግ። ለመመረቅ አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤው) 2.00 መድረስ ስላለበት፣ ቢመልሱት እንኳን የቀሩት ኮርሶች ወደዚያ ሊያደርሱት ይችሉ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስላ። ግል ኮሌጅ ከሆነ ኮሌጁም ፕሮግራሙም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ያለው መሆኑን አጣሩ፤ የመውጫ ፈተናው ደግሞ ከ2015 ወዲህ ለግሉም ለመንግሥቱም ነው፣ ስለዚህ ኮሌጅ መቀየር ብቻውን ማምለጫ አይሆንም። ቴክኒክና ሙያን ጭራሽ አላነሳሽውም። በ2003 «ነጥብ ያልመጣለት የሚሄድበት» ተብሎ ስለተነገረሽ ይሆን? ደረጃውን ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ተፈትኖ በእጁ ሥራ የሚበላ ሰው አሁን ጥቂት አይደለም። እሱ ይፈልገው አይፈልገው ግን ገና አልጠየቅሽውም።

ዝም ብሎ ማረፍም አንድ አማራጭ ነው። አንቺ ለዚህ ከእኔ የቀረብሽ ነሽ፤ የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ጎትቶ ወደ ዳር ያወጣዋል፣ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ማንም «ታንኳው ከሸፈ» አይልም።

ስለ ንግግሩ። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «አስረዳኝ» አትበይው፣ ያ ችሎት ነው። በቀን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አብራችሁ ተሻገሩ። 380 ሜትር ነው። ወጣት ወንዶች ዓይን ለዓይን ሲያዩሽ የማይነግሩሽን ጎን ለጎን ሲሄዱ ይናገራሉ፤ ባይናገርም ቢያንስ ሲመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣው ይሆናል። እና አንቺ ጀምሪ። ስለ እሱ ሳይሆን ስለ 2003። ውጤቱን ያየሽበትን ቀን ንገሪው፣ ምን እንደለበስሽ ሁሉ። ብሩ መነሳት አለበት፣ የወሰደው በውሸት ነውና ይህን ማለፍ ለእሱም አይጠቅምም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን ይቅር። በአንድ ቀን አይፈታም፤ ምናልባት ተናዶ ጥሎሽ ይሄዳል፣ ሳምንት ጠብቀሽ ደግመሽ ደውዪ።

አንድ ነገር ብቻ ግን ጊዜ አይሰጥም። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ «እኔ ባልኖር ይሻል ነበር» ዓይነት ቃል ከወጣው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። እዚህ ባይደርስም እንኳን ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢያወራ እመርጣለሁ። አንቺም ብትሄጂ ደስ ይለኛል፣ ለብቻሽ፣ ስለ ራስሽ።

ደግሞ ልረሳው ነበር። በየወሩ ስንት እንደላክሽ፣ ላፕቶፑን ማን እንደገዛ፣ ስንት ወር እንደዋሸ ነግረሽኛል። ምን ያጠና እንደነበር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። መልሰሽ ስትጽፊልኝ እሱን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ወድዶት ገብቶ እንደሆነም ጭምር።