የወንድሜ እጅ በ36 ዓመቱ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታላቅ ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው። እጁን ጭኑ ላይ ሲያሳርፍ ይንቀጠቀጣል፤ የቡና ስኒ ሲያነሳ ግን ይተወዋል። ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ነው ተባለ፣ የዘረመል ምርመራም ታዘዘለት። ይህ የሽማግሌ በሽታ አይደለም ወይ? እናትና አባታችን ጤነኞች ናቸው። እኔንስ ያሰጋኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የስኒውን ነገር በደንብ አስተውለዋል። እጅ ሲያርፍ የሚብስ፣ ሥራ ሲይዝ የሚቀንስ መንቀጥቀጥ የፓርኪንሰን ዓይነተኛ ምልክት ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ዓመት ወዲያ ይጀምራል፤ ከ40 በፊት ሲመጣ ግን በዘር የመጣ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው።

በዚህ ዕድሜ ቀድሞ የሚጠረጠረው የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያገኙት ፓርኪን የተባለው ጂን ነው። ሴሎቻችን ኃይል የሚያገኙት ማይቶኮንድሪያ ከሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ነው። ምድጃው ሲበላሽ ጢሱ ሴሉን ይመርዛል። ጤነኛ ሴል ታዲያ በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ እንደሚዞረው ሰው የራሱ ሰብሳቢ አለው። ፒንክ ዋን የተባለ ፕሮቲን በተበላሸው ምድጃ ላይ ተከማችቶ በዚያ ጂን የሚሠራውን ፓርኪን የተባለ ፕሮቲን ይጠራል፤ ፓርኪን ደግሞ ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክት ያረፈበት ተጠቅልሎ ላይሶሶም ወደሚባለው ክፍል ይሄዳል፣ እዚያ ይፈጫል፣ ፍርፋሪው ለአዲስ ሥራ ይውላል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ብልሹው እዚያው ይከማቻል። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመርቱት የአንጎል ሴሎች ብዙ ኃይል ስለሚፈጁ በዚህ ክፉኛ ይጎዳሉ።

ወላጆችዎ ጤነኛ መሆናቸው ይህን አያስቀረውም። ፓርኪን በሽታ የሚያመጣው የተበላሸ ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው፤ እነሱ አንድ አንድ ደህና ቅጂ ስላላቸው አላመማቸውም። ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችን እንዲህ ያለውን መገጣጠም ያሳንሳል፤ ዝምድና በሌላቸውም ግን ያጋጥማል። ማንንም አይውቀሱ። የወንድምዎ ውጤት ፓርኪንን ካሳየ፣ እርስዎ ሁለቱንም የመውረስ ዕድልዎ 25 በመቶ ነው። ምልክት ሳይኖርዎት ለመመርመር ግን አይቸኩሉ፤ በሽታውን አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት ገና የለም።

ለወንድምዎ ግን አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት አለ፤ የፓርኪን ሕመምተኞች በትንሽ መጠንም ጥሩ ለውጥ ያገኙበታል። ሥጋና እንቁላል መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻሙት ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውሰድ። ጠበል ቢሄድም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ኃይለኛ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር አምጥቶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።