የኦሃዮ ስቴት ኮርነሮች፦ ቴክሳስ ሳይመጣ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ቤተሰብ። ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 30፣ 2025) ቅዳሜ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከኛው ኦሃዮ ስቴት ጋር ሊጫወት ኮሎምበስ ይመጣል። ስልኬ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ሊፈነዳ ነው፤ «ኮርነሮቹ ይችላሉ ወይ?» እዚሁ ልመልስና ልገላገል። ኮርነር ማለት በጎን በኩል የተቃራኒን ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) የሚጠብቅ ተከላካይ ነው። ለማታውቁኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ እዚሁ ከተማ ኮርነር ተጫውቻለሁ፤ አሁን ማታ ማታ የሰፈር ልጆች አሠለጥናለሁ። ከቡድኑ ውስጥ ማንንም አላውቅም። ሚስጥር ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ቤት ሞክሩ። የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አትላኩልኝ። ፍልሰታ እየጾምኩ ነው፣ አታናዱኝም።

ሚሚ ከኮሎምበስ፦ ኮች፣ ማን ሄደ ማን ቀረ? ከሻምፒዮናው በኋላ ምንም አልተከታተልኩም።

ኮች፦ ዴንዘል በርክ ሄዷል፤ አሪዞና በኤንኤፍኤል (በፕሮፌሽናል ሊጉ) ድራፍት፣ ማለትም በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ በአምስተኛው ዙር ወሰደው። ጆርዳን ሃንኮክም ሄዷል፣ ቡፋሎ ነው። ዴቪሰን ኢግቢኖሰን አለ። በሌላኛው ጎን ጀርሜን ማቲውስ ጁኒየር ይጀምራል ብዬ እጠብቃለሁ። ኒክል ላይ፣ ማለትም በሚጨመረው አምስተኛ የኋላ ተከላካይ ቦታ፣ ሎሬንዞ ስታይልስ ጁኒየር፤ ከኖተርዳም ሲመጣ ሪሲቨር ነበር፣ እዚህ ነው ወደ መከላከል ያዞሩት። ከኋላቸው ሴፍቲው (የመጨረሻው ተከላካይ) ኬሌብ ዳውንስ አለ፣ ስለሱ አልጨነቅም። ከመከላከሉ 11 ጀማሪዎች የተመለሱት ኢግቢኖሰን፣ ዳውንስና ሶኒ ስታይልስ ብቻ ናቸው። በአንድ ድራፍት 14 ልጅ ሲሄድብሽ እንዲህ ነው።

የዳላሱ፦ ኢግቢኖሰን እጁን መሰብሰብ የማይችል ልጅ ነው። የኛ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) አርች ማኒንግ ሙሉ ቀን ወደሱ ይወረውራል፣ ዳኞቹም የቅጣት ቢጫ ጨርቃቸውን ይበትናሉ። ገና እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ሜዳችሁ አደይ አበባ ይመስላል።

ኮች፦ ሳቄ መጣ፣ ግን ግማሹ እውነት ነው። ባለፈው ዓመት አብዝቶ ተቀጥቷል፣ አልክድም። እንዴት እንደሚቀጣ ግን ልብ ብለህ አይተሃል? ሁልጊዜ የሚጎትተው ተበልጦ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቦታውን ይዞ፣ ከልጁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ እያለ ነው እጁ የሚቀረው። ይሄ የእግር ችግር አይደለም፣ የልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይታረማል። እኔ ልጆቼን በሁለት እጃቸው የቴኒስ ኳስ አስጨብጬ ነው የማስሮጣቸው። ኳስ የጨበጠ እጅ ማሊያ መጨበጥ አይችልም። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ያለቅሳሉ፣ «ኮች እንዴት ነው የማቆመው?» ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት በእግራቸው ማቆም ይጀምራሉ።

ሕጉንም ሳታውቁ አትሳደቡ። በኤንኤፍኤል ኳስ አየር ላይ እያለች ሪሲቨሩን ብትጎትት ኳሷ ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ትሄዳለች፤ 45 ያርድ ከሆነ 45 ያርድ ነው። በኮሌጅ ግን ቅጣቱ ከ15 ያርድ አይበልጥም፣ ከአዲስ ፈርስት ዳውን (ከአዲስ አራት ሙከራ) ጋር። ስለዚህ በረጅም ኳስ የተበለጠ የኮሌጅ ኮርነር ልጁን ጠምጥሞ ቢይዘው ስሌት ነው፤ ከስድስት ነጥብ 15 ያርድ ይሻላል። የሚያናድደኝ በሦስተኛው ዳውን፣ በአጭር ኳስ፣ ያለ ምክንያት ሲይዝ ነው። እዚያ ላይ ከዳላሱ ጋር ነኝ።

ታክሲ ነጂው፦ በአጭሩ ኮርነሮቹ ጥሩ ናቸው?

ኮች፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም ወንድሜ። የቱ ኮርነር? በየትኛው ጎን? ማንን ሲጠብቅ?

ታክሲ ነጂው፦ በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

ኮች፦ በአጠቃላይ ደህና ናቸው። ቀጣይ።

አቤል ከቦሌ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ለጀማሪ ጥያቄ። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ በኢንተርኔት ነው የማየው። በኮሌጅ ኳስ «ባውንደሪ ኮርነር» እና «ፊልድ ኮርነር» ሲሉ እሰማለሁ፣ በኤንኤፍኤል ግን ግራና ቀኝ ነው የሚሉት። ልዩነቱን ቢያስረዱኝ?

ኮች፦ በመጨረሻ የሚጠይቅ ሰው መጣ! አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ። ሌሎቻችሁም ተቀመጡና ስሙ፣ የኮሌጅ ኮርነርን ነገር ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

ሜዳው ወደ ጎን 160 ጫማ ነው። ኳሷ ደግሞ ሁልጊዜ የምትነሳው ከሁለቱ የሃሽ መስመሮች (በሜዳው ርዝመት የተሰመሩ ጭረቶች) መካከል ወይም ከአንዱ ላይ ነው። በኤንኤፍኤል ሁለቱ መስመሮች የሚራራቁት 18 ጫማ ከ6 ኢንች ብቻ ስለሆነ ኳሷ ምንጊዜም መሀል አካባቢ ናት። በኮሌጅ ግን 40 ጫማ ነው። እንግዲህ አስላ። ኳሷ የግራው መስመር ላይ ካረፈች በግራ በኩል 60 ጫማ ይቀራል፣ በቀኝ በኩል 100 ጫማ። አንዱ ኮርነር ጓዳ ውስጥ ነው፣ አንዱ ጃንሜዳ ላይ።

ጠባቡ ጎን ባውንደሪ ነው። እዚያ የጎን መስመሩ ራሱ ተከላካይ ነው፣ ሪሲቨሩ የሚሄድበት የለውም። ታዲያ ቀላል ይመስላል አይደል? አይደለም። ቦታው ስለጠበበ ሴፍቲው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰፊው ያጋድላል፣ አንተ ብቻህን ትቀራለህ። ይህን የሚያውቅ አጥቂ ቡድን ትልቁን፣ ጉልበተኛውን ሪሲቨሩን አምጥቶ አንተ ላይ ያቆምብሃል። ኳሷም ከኳርተርባኩ እጅ ወጥታ እስክትደርስ ጊዜ አትፈጅም። ሩጫም ሲመጣ ኳስ የያዘውን መጣል አለብህ። እዚህ ረጅም እጅ ያለው፣ ጠብ የማይጠላ ልጅ ነው የሚያስፈልገው።

ሰፊው ጎን ላይ ኳሷ አየር ላይ ትቆያለች፣ ስለዚህ ትንሽ ብትዘገይ እንኳን የመድረስ ዕድል አለህ። ግን ሪሲቨሩ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መሄድ ይችላል። እዚያ ፍጥነትና ዳሌ ነው። ወደ ኋላ እየሮጥክ ዳሌህን ከፍተህ በአንድ እርምጃ መዞር ካልቻልክ አለቀልህ።

እኔ ብሆን 6 ጫማ ከ2 የሆነውን ኢግቢኖሰንን ጠባቡ ላይ፣ ማቲውስን ሰፊው ላይ ነው የማቆመው። ማቲውስ አጠር ይላል፣ ግን ሲዞር አይታይም። ቡድኑ እንደዚያ ያደርጋል እያልኩ አይደለም፣ የኔ ሐሳብ ነው። ቅዳሜ ስታዩ ከስናፕ (ጨዋታው ከሚነሳበት ቅጽበት) በፊት ኳሷን አትዩ። ኳሷ የትኛው መስመር ላይ እንዳለች ብቻ አይታችሁ ዓይናችሁን ወደ ኮርነሩ እግር።

አቤል ከቦሌ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ጨዋታው በኛ ሰዓት ስንት ነው?

ኮች፦ ማታ 1 ሰዓት። እዚህ እኩለ ቀን ነው።

የዳላሱ፦ ስለ ሪሲቨር ካነሳን የኛውን ራያን ዊንጎን ማን ይጠብቀዋል? ደግሞ የኮርነር አገር ቴክሳስ ነው። ለኮሌጅ ምርጥ የኋላ ተከላካይ የሚሰጠውን ጂም ቶርፕ ሽልማትን ሦስት ጊዜ ወስደናል፤ ሃፍ፣ ሮስ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ጃህዴ ባሮን። እናንተ ስንት አላችሁ?

ሚሚ ከኮሎምበስ፦ ባሮን የት አለ? ዴንቨር። ሄዷል። ደግሞ አንተ ሰውዬ፣ ጃንዋሪ ላይ ሰፈርህ አርሊንግተን ድረስ መጥተን 28 ለ 14 አሸንፈንህ የለ? ሳውየር ኳሷን ይዞ 83 ያርድ ሲሮጥ የት ነበርክ?

የዳላሱ፦ ያ ኮርነር አይደለም እህቴ፣ ዲፌንሲቭ ኤንድ (የፊት መስመር ተከላካይ) ነው። ርዕሱ ኮርነር ነው።

ታክሲ ነጂው፦ እሱ እንኳን ልክ ነው። እኔ ግን አሁንም እውነተኛው ኳስ አርሰናል ነው የምለው 😀

ሚሚ ከኮሎምበስ፦ አርሰናልን ማን አነሳው? 2004 ላይ ቆማችሁ ቀርታችኋል።

ኮች፦ አርሰናል እዚህ አይገባም፣ በቃ። የዳላሱ፣ ቁጥርህ ልክ ነው፣ 3 ለ 2። የኛዎቹ ዊንፊልድ በ1998 እና ጄንኪንስ በ2008 ናቸው። በመጀመሪያ ዙር ድራፍት ግን እንነጋገር። ሮቢ በ2014፣ አፕል በ2016፣ ላቲሞርና ኮንሊ በ2017፣ ዋርድ በ2018፣ ኦኩዳና አርኔት በ2020። በሰባት ድራፍት ሰባት ኮርነር። ዋርድ አራተኛ፣ ኦኩዳ ሦስተኛ ሆነው ነው የተመረጡት።

ሚሚ ግን ከመጨፈርሽ በፊት ይሄን ስሚ። ከ2020 ወዲህ በመጀመሪያው ዙር የሄደ የኦሃዮ ስቴት ኮርነር አንድም የለም። አምስት ድራፍት አለፈ። ስሙ የቆየ ነው፣ ብሉይ። እነዚህ ልጆች የሚጠየቁት በላቲሞር ሥራ አይደለም።

ባለ ቪዲዮው፦ ኮች ይሄን እየው፣ በርክ ኦሬገን ላይ እንዴት እንደተቃጠለ። የዘንድሮዎቹም እንደዚህ ናቸው።

ኮች፦ ምን ነበር ያልኩት? ቪዲዮ አትላኩ! አዎ፣ ያን ቀን በርክ ከብዶት ነበር። 32 ለ 31 ተሸነፍን። በጃንዋሪ 1 ያንኑ ኦሬገን 41 ለ 21 ሲመቱት ያው በርክ ሜዳ ላይ ነበር። የሱን ቪዲዮ ለምን አላክልኝም? ኮርነር በጨዋታ 60 ጊዜ ሥራውን ሠርቶ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ነው ቴሌቪዥን የሚያስታውሰው። ጥሩ ሲሆን ደግሞ ኳስ ወደሱ አይወረወርም፣ ስለዚህ አይታይም። ኢንተርሴፕሽን (የተጠለፈ ኳስ) ቆጥራችሁ አትምጡብኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አዲሱ የመከላከል አሠልጣኝ ማት ፓትሪሺያ መምጣቱስ? የቀድሞው ጂም ኖልስ ወደ ፔን ስቴት ከሄደ በኋላ መከላከሉ ይፈርሳል የሚሉ አሉ።

ኮች፦ ኖልስ ባለፈው ዓመት በአማካይ 12.9 ነጥብ ብቻ የተቆጠረበት መከላከል ነው ጥሎ የሄደው፤ ከዚያ በላይ ከማንም አይጠበቅም። ፓትሪሺያ በኒው ኢንግላንድ ዘመኑ ማን ቱ ማን የሚወድ ሰው ነበር። ኮርነሩን ብቻውን ትቶ ሌላውን ሰው ለሌላ ሥራ ማዋል። እዚህም እንደዚያ ካደረገ ከማንም በላይ የሚፈተኑት ኢግቢኖሰንና ማቲውስ ናቸው።

እኔን የሚያስፈራኝ ፓትሪሺያ አይደለም። የፊት መስመሩ ነው። አራቱም ሄደዋል፤ ሳውየር፣ ቱይሞሎአው፣ ዊልያምስ፣ ሃሚልተን። ባለፈው ዓመት ኮርነሩ ትንሽ ቢጠብቅ ኳርተርባኩ መሬት ላይ ነበር። ዘንድሮ ማኒንግ አራት ሰከንድ ቆሞ ካየ ላቲሞርንም ብታመጡ አይችልም።

የዳላሱ፦ ይሄን ነው የምለው!

ኮች፦ አትቸኩል። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚጠብቁት የኛኑ ኮከብ ሪሲቨር ጄረማያ ስሚዝን ነው። ዊንጎ ጎበዝ ነው፣ ግን ከስሚዝ አይብስባቸውም።

የሚካኤል እናት፦ ወንድሜ፣ ከርዕሱ ብወጣ ይቅርታ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ከልጅነቱ እግር ኳስ ነው የሚጫወተው፣ ሯጭ ነው። አሁን ኮርነር ካልሆንኩ ብሎ አስቸገረኝ። እፈራለሁ።

ኮች፦ እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም፣ ከሁሉም የሚረባውን ጠየቅሽ። እግር ኳስ የተጫወተ ልጅ እግሩ ቀላል ነው፣ አቅጣጫ ሲቀይር አይደናቀፍም፣ ይሄን ማስተማር ዓመታት ይፈጃል። የሚጎድለው ወደ ኋላ መሮጥ ነው። ግቢ ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ ደረቱን ከጉልበቱ በላይ አድርጎ፣ አሥር ያርድ ወደ ኋላ ይሩጥ። ቀና እያለ ከመጣ ገና ነው።

ፍርሃትሽ ግን ትክክል ነው። አሠልጣኙን አንድ ነገር ጠይቂው፤ መጣልን እንዴት ነው የምታስተምረው? «ጭንቅላት ቀና፣ በትከሻ» ካላለሽ ልጅሽን ይዘሽ ተመለሺ። አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ልጅ ነው የሚጎዳው። ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ «ደህና ነኝ» ቢልሽ አትመኚው፣ ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ሐኪም ሳያየው በማግስቱም አይመለስም። እኔ ልጅ እያለሁ ተመትቼ ደህና ነኝ ብዬ የተመለስኩ ነኝ፤ የጨዋታውን ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ዛሬ አላስታውሰውም።

የሚካኤል እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭንቅላት ቀና፣ በትከሻ። ጽፌዋለሁ።

የዳላሱ፦ የኛን ልጅ ዴቪን ሳንቼዝን ከሂውስተን ሰርቃችሁ ወስዳችሁ ስለሱ ምንም አላልክም።

ኮች፦ አልሰረቅንም፣ በእግሩ መጣ። አምስት ኮከብ ይዞ የመጣ አዲስ ልጅ ነው፣ ቁመቱም አለው። ሦስተኛ ኮርነር ሆኖ ብናየው አልገረምም። ኮከብ ግን ኳስ አይከላከልም። ጥቅምት ላይ ጠይቀኝ።

ታክሲ ነጂው፦ ለነዚህ ልጆች አሁን ስንት ነው የሚከፈላቸው?

ኮች፦ የያንዳንዱን አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለሁሉም ስፖርቶቹ ማካፈል ይችላል። ሌላውን ጠበቃ ጠይቅ።

ባለ ቪዲዮው፦ ኢግቢኖሰን ቅዳሜ ኳስ ይጠልፋል ብዬ ላስይዝ?

ኮች፦ ውርርድ አልመልስም። ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ በአንድ የኮሌጅ ተጫዋች ላይ ማስያዝ ከ2024 ጀምሮ ክልክል ነው።

የዳላሱ፦ ከኔ ጋር ግን በክትፎ ተወራረድ። ዊንጎ በኢግቢኖሰን ላይ ከ30 ያርድ በላይ አንድ ኳስ ይይዛል።

ኮች፦ ፍልሰታ ነገ ነው የሚፈታው፣ ዛሬ የክትፎ ስም አትጥራብኝ። እሺ ተስማምቻለሁ። ጠባቡ ጎን ላይ ከሆነ ብቻ። ሰፊው ጎን ላይ ከያዘ አይቆጠርም።

የዳላሱ፦ አሁንስ ጠበቃ ሆንክ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ኮርነር ላይ ማን ነው የሚጀምረው? ደግሞ አንድ አጭር ቪዲዮ ነበረኝ።

ኮች፦ ሚሚ፣ እባክሽ አንቺ መልሺለት።

ሚሚ ከኮሎምበስ፦ ኢግቢኖሰንና ማቲውስ። ኒክል ስታይልስ። ጠባብና ሰፊ ጎን ከላይ አለ፣ ሂድና አንብብ። ቪዲዮህን ለራስህ ያዝ።