«ዘርዝር» ወይስ «ዝርዝር»? ማሽን የሚታዘዝበት አማርኛ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንድ ፕሮግራም እንሠራለን። ኔትወርክ ላይ ወዳለ ማከማቻ ፋይል ይልካል፣ ከዚያም ያመጣል። በመዳፊት የሚጫኑት ነገር የለውም፤ ትእዛዝ ተጽፎለት ነው የሚሠራው። ትእዛዞቹም፣ ማብራሪያውም በአማርኛ ናቸው። እስካሁን «ላክ» እና «አምጣ» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች ነበሩት። አሁን ማከማቻው ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚያሳይ ሦስተኛ ትእዛዝ እየጨመርን ነው። እኔ «ዝርዝር» አልኩት። አንዱ ጓደኛችን «ዘርዝር» ይሻላል አለ። አንዷ ደግሞ «ዘርዝር ለወንድ ነው፣ እኔም እኮ እጠቀምበታለሁ፣ ወይ ዘርዝሪ ይኑረው ወይ ይዘርዝሩ ይሁን» ትላለች። ማን ነው ልክ? ማከማቻውንስ «ጎተራ» ብንለው ነውር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ትእዛዙ «ዘርዝር» ይሁን። የባልደረባህ ስሜት ግን ተገቢ ነው። ቦታው እዚህ አይደለም እንጂ ቦታ አለው፤ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ያንተን «ዝርዝር» እንየው። ሦስቱን ቃላት ጮክ ብለህ አንብባቸው። ላክ፣ አምጣ፣ ዝርዝር። ሦስተኛው ላይ ምላስህ ይደናቀፋል። ሁለቱ ግስ ናቸው፣ ትእዛዝ ናቸው። ሦስተኛው ስም ነው። ዝርዝር ማለት ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ስክሪኑ ላይ የምታየው ነገር ነው። ዘርዝር ትላለህ፣ ዝርዝር ይወጣልሃል። በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ግን አንዱ ሥራው ነው፣ ሌላው የሥራው ውጤት።

ቃሉ ራሱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ዘረዘረ ማለት በአንድ ላይ የነበረን ነገር አንድ በአንድ መለየት ነው። መቶ ብር ይዘህ ሱቅ ገብተህ «ዘርዝርልኝ» ትላለህ። ቀዳዳው የተራራቀ ወንፊት ዘርዛራ ይባላል። ጤፉ ከአገዳው ውስጥ ወጥቶ ራሱን ሲበትን ገበሬው «ዘረዘረ» ይላል። እኔ ያደግሁት በቢቸና በኩል ነው፤ በመስከረም ሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ይህንኑ ነበር፣ ዘረዘረላችሁ ወይ? የግእዝ ሰዋስው የተማረ ሰው ደግሞ ቃሉን በሌላ በኩል ያውቀዋል። ቤትየ፣ ቤትከ፣ ቤታ ስትል መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው፣ የእኔና የአንተን የእሷንም የሚለየው ቅጥያ ዝርዝር ይባላል። በዲማም በዋሸራም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ስነግርህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ብሩም፣ ወንፊቱም፣ ጤፉም፣ ሰዋስውም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ የተያያዘውን ለያይቶ ማሳየት። ማከማቻ ውስጥ ያለውን ፋይል በየተራ በየመስመሩ ማውጣትስ ሌላ ምንድን ነው?

ሌሎች ቃላትም ይነሱ ይሆናል። «አሳይ» በጣም ሰፊ ነው፤ የፋይሉን ስም ነው ወይስ ውስጡ የተጻፈውን? «ቁጠር» ካልከው ሰው ቁጥር ይጠብቃል። «ደርድር» ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ለሌላ ሥራ አስቀምጠው። ዝርዝሩን በቀን ወይም በመጠን ቅደም ተከተል ማስያዝ ስትፈልግ ያን ጊዜ «ደርድር» ይጠቅምሃል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልለምንህ። የዚህ ዓይነት ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች አጭር ቃል ይወዳሉ። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዓለም ይህ ትእዛዝ ከጥንት ጀምሮ ኤልኤስ በሚል ሁለት ፊደል ነው የሚጻፈው። እናንተም ልታሳጥሩት ትፈልጉ ይሆናል። እባክህ ዘርዝርን ቆርጣችሁ «ዘር» እንዳታደርጉት። ዘር በሀገራችን ከባድ ቃል ነው። ሰው ማሽን ላይ «ዘር» ብሎ ጽፎ ዝርዝር እንዲጠብቅ ማድረግ አይገባም። ማሳጠር ካስፈለገ የለመደው ሰው የለመደውን ኤልኤስ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይሥሩለት።

አሁን ወደ ባልደረባህ ልምጣ። «ዘርዝር ለወንድ ነው» ስትል ልክ ናት። ግን ለየትኛው ወንድ? የአማርኛ ትእዛዝ ፆታውን የሚያገኘው ከሚታዘዘው እንጂ ከሚያዘው አይደለም። እርሻ ላይ አስበው። በሬ የምትነዳ ሴት «ሂድ» ነው የምትለው፤ ሴት ስለሆነች «ሂጂ» አትልም። ላም የሚነዳ ወንድ ደግሞ «ሂጂ» ይላታል። እሷ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ «ዘርዝር» ብላ ስትጽፍ የሚታዘዘው ፕሮግራሙ ነው። እሷ አዛዥ ናት። ፆታዋ ቃሉ ውስጥ የለም፣ የማንም አዛዥ ፆታ የለም።

«ታዲያ ፕሮግራም ለምን ወንድ ይሆናል?» ልትል ትችላለች። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማሽንን በሴት መጥራት አማርኛችን ያውቅበታል። መኪናዋ ቆመች፣ ወፍጮዋ ተበላሸች እንላለን፤ የወደድነውን፣ የለመድነውን፣ የሚያገለግለንን ነገር እንዲህ እናቀርበዋለን። ፕሮግራምን ግን ሰው በብዛት የሚጠራው በወንድ ነው። «ፕሮግራሙ ተዘጋ» ሲባል እንጂ «ፕሮግራሟ ተዘጋች» ሲባል እኔ እምብዛም አልሰማሁም። ደግሞ ሌላም ችግር አለ። በሴት ካደረጋችሁት «ላክ» «ላኪ» ይሆናል። ላኪ ማለት ደግሞ የላከው ሰው ማለትም ነው። ትእዛዝና ስም እንደገና ይደባለቁባችኋል። ሁሉንም በወንድ መተው ይቀላል።

«ይዘርዝሩ» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ማሽንን አንቱ ማለት ነው። እኛ ጋ አንቱ የሚባለው አባት ነው፣ እናት ናት፣ ቄስ ነው፣ ሽማግሌ ነው። ዕቃ አንቱ አይባልም።

ግን እዚህ ላይ ነው የባልደረባህ ሐሳብ ቦታ የሚያገኘው። ፕሮግራማችሁ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሦስት ዓይነት ነው። ሰው ማሽኑን ሲያዝ አለ። ማብራሪያው ስለ ትእዛዙ ሲያወራ አለ። ማሽኑ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ሲያናግር አለ። ሦስቱን በአንድ ቅርፅ መጻፍ ነው ብዙ የአማርኛ ሶፍትዌር የሚያበላሸው። ሰውየው ሲያዝ «ዘርዝር»። ማብራሪያው ሲያወራ «ዘርዝር፦ ማከማቻው ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል»። ማሽኑ ሲያናግር ደግሞ «የማከማቻውን ስም ያስገቡ»፣ «እንደገና ይሞክሩ»። ይህች ሦስተኛዋ ላይ «አስገባ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ያን ጊዜ ባልደረባህ ብትቆጣ እውነቷን ነው። የምትታዘዘው እሷ ናት፣ በወንድ ተጠራች። በአክብሮት ስትጽፈው ግን ወንድና ሴት አይለይም፣ ታላቅና ታናሽም አይከፋውም። ባንክ የገንዘብ ማሽን ፊት የቆመች እናት «አስገባ» የሚል ጽሑፍ ስታነብ አይቼ ልቤ አዝኗል። ማንን ነው? አለችኝ ዞር ብላ።

ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የምትጽፉት ቁጥርም ያስቸግራችኋል። «1 ፋይሎች ተገኝተዋል» የሚል መልእክት ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለህ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ነጠላና ብዙን ለመለየት ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጃሉ። አማርኛ ግን መውጫ ሰጥቶሃል። ከቁጥር በኋላ ስሙን ማብዛት ግዴታ አይደለም። ገበያ የሄደ ሰው «ሦስት በግ ገዛሁ» ነው የሚለው። ስለዚህ «1 ፋይል»፣ «3 ፋይል»፣ «740 ፋይል» ብትል ሁሉም ጆሮ ይገባል። «ድምር፦ 3 ፋይል» በቂ ነው፣ ግስ እንኳ አያስፈልገውም። ሁለት ቅርፅ ካዘጋጃችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ለሶፍትዌር ባዘጋጀው የቋንቋ መረጃ ውስጥ አማርኛ ላይ 0 የተመደበው ከ1 ጋር፣ ከነጠላው ወገን ነው። ትክክል ነው። «ዜሮ ፋይሎች» የሚል የለም።

ማከማቻችሁ እንደ አማዞን ኤስ 3 (አማዞን ኩባንያ በኢንተርኔት የሚያከራየው ማከማቻ) ያለ ከሆነ ሌላ የቃል ወጥመድ አለ። እዚያ ውስጥ አቃፊ (ፎልደር) የሚባል ነገር በእውነት የለም። «2016/ሐምሌ/ደረሰኝ» ብለህ የላክኸው ፋይል ሙሉ ስሙ ይህ ነው፤ እዝባሩ (/) የስሙ ክፍል ነው እንጂ ፋይሉ ሐምሌ የሚባል ሳጥን ውስጥ አልገባም። «በ2016/ሐምሌ የሚጀምሩትን አምጣልኝ» ሲባል ነው አቃፊ የሚመስለው። ስለዚህ ማብራሪያው ላይ «በአቃፊው ውስጥ ያሉትን» ከምትሉ «ስማቸው በዚህ የሚጀምሩትን» በሉ። ረዘም ይላል፣ ግን እውነት ነው። አቃፊ መስሎት «ባዶ አቃፊ ፍጠርልኝ» የሚል ሰው ኋላ አይደናገርም።

እንዲህ ያለው ማከማቻ አንዴ ሲጠየቅ ከ1000 በላይ ስም አይሰጥም። ቀሪውን ለማግኘት የቆመበትን ምልክት ይዘህ እንደገና መጠየቅ አለብህ። ፕሮግራማችሁ ይህን በራሱ እስከ መጨረሻው ካልጠየቀ፣ ቢያንስ አይደብቅ። «1000 ፋይል ተዘርዝሯል፤ ገና አለ» ይበል። «ገና አለ» የምትለዋን እወዳታለሁ። ጠላ የሚቀዳ ሰው የሚላት ናት፤ አጭር ናት፣ ማንም ይረዳታል። «ተጨማሪ ውጤቶች ይገኛሉ» ከሚለው ትርጉም ትርጉም ከሚሸት አነጋገር በእጅጉ ትሻላለች።

ከሁሉም ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ የፊደሉ ነገር ነው። ሰዎች ፋይላቸውን በአማርኛ ይሰይማሉ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ስራ»። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። በዩኒኮድ ተራ መጀመሪያ ንጉሡ ሠ ይመጣል፣ ቀጥሎ ረ፣ ከዚያ እሳቱ ሰ። ማከማቻው ዝርዝሩን የሚያወጣው በዚህ ተራ ስለሆነ «ሥራ» ከላይ ይወጣል፣ መሐሉ ላይ «ረቂቅ» ይገባል፣ «ስራ» ከታች ይቀራል። ባለቤቱ ከላይ አይቶ «ሌላው ጠፋብኝ» ይላል። በስም መጀመሪያ ሲፈልግማ ይብሳል። በ«ጸሐይ» የሚጀምሩትን ብሎ ቢጠይቅ «ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠው አይመጣለትም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ሰውን «በትክክል ጻፍ» ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ትክክሉን እኛም ገና እንከራከርበታለን። ፕሮግራማችሁ ስሞቹን ከተቀበለ በኋላ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ ያመሳስል፣ ለተጠቃሚው ሲያሳየው ግን እሱ እንደጻፈው ይተውለት። ይህን ብታደርጉ ትልቅ ነገር ሠራችሁ። ሌላም አለ፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ) ይወስዳል፣ የኤስ 3 የስም ጣሪያ ደግሞ 1024 ባይት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ከ341 ፊደል ማለፍ አይችልም። ማብራሪያው ላይ በባይት ሳይሆን በፊደል ንገሩት።

«ጎተራ» ያልከውን ወድጄዋለሁ። ነውር የለውም። እንዲያውም ከምታስበው በላይ ይገጥማል። ጎታ ቤት ውስጥ ነው፣ በጭቃ የሚሠራ። ጎተራ ደጅ ነው የሚቆም። የራስህ ኮምፒውተር ላይ ያለው ጎታ ቢሆን፣ ኔትወርክ ላይ ያለው ጎተራ ነው። የፕሮግራሙን ስም ጎተራ በሉት፣ ያምርበታል። ማብራሪያው ውስጥ ግን «ማከማቻ» ይሁን፤ ከተማ ያደገ፣ ጎተራ አይቶ የማያውቅ ልጅም ሊያነበው ነው። ኔትወርክን ኔትወርክ በሉት። «አውታረ መረብ» ብትሉ አልቃወምም፣ ግን የሚጠቀመው ሰው አፉ ላይ ያለው ኔትወርክ ነው።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ልጨምር። ማከማቻው ውስጥ ምንም ከሌለ፣ እና ማከማቻው ራሱ ከሌለ፣ ሁለት የተለያየ መልስ ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮግራም ለሁለቱም «አልተገኘም» ይላል። ሰውየው ፋይሉ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ ስሙን አሳስቶ ጽፎ ነበር። እህል የሌለበት ጎተራና ያልተሠራ ጎተራ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው «ማከማቻው ባዶ ነው» በሉ። ለሁለተኛው «በዚህ ስም ማከማቻ የለም። ስሙን አይተው እንደገና ይሞክሩ» በሉ።