ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን ስለ ማስተማር፦ ከወሎ አገልግሎቴ

ወንድሜ፣ ያቀረብከውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። በ23 ዓመትህ ለስብከተ ወንጌል ወደ ደቡብ ወሎ ገጠር እንደተመደብክ፣ ክርስትና ለመነሣት የሚማሩ ስድስት ሰዎችን እንደተረከብክ፣ ከእነርሱም ሁለቱ የሠርጋቸው ቀን ስለ ቀረበ ቶሎ እንድታደርሳቸው እንደሚወተውቱህ ገልጸህ «ስንት ጊዜ ላስተምራቸው? መቼስ ነው ደርሰዋል ብዬ የምመሰክረው?» ብለሃል። እኔም በ22 ዓመቴ ዲያቆንና ሰባኬ ወንጌል ሆኜ በሐይቅና በውጫሌ መካከል በምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር ሦስት ዓመት ስላገለገልኩ ጭንቀትህ ይገባኛል። መልሴን በአጭሩ ልንገርህና ወደ ዝርዝሩ እሄዳለሁ፤ ቀኑን አትቁጠር፣ ሰውየው ማንም ሳይገፋው፣ ቤተሰቡም እያወቀ፣ በራሱ አፍ «እፈልጋለሁ» የሚልበትን ጊዜ ጠብቅ።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ያልተጠመቀ ወጣት ክርስቲያን የሆነችውን እጮኛውን በሥርዓተ ተክሊል ለማግባት ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ምሥጢረ ተክሊልን ላልተጠመቀ ሰው ስለማትፈጽም የልጅነት ጥምቀት፣ ማለትም የእግዚአብሔር ልጅ የሚያሰኘውን ጥምቀት፣ ማግኘት ነበረበት። ልጁ ብሩህ ስለነበር የሃይማኖታችን መሠረት የሆኑትን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ ከምሥጢረ ሥላሴ እስከ ትንሣኤ ሙታን ድረስ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ በቃሉ ያዘልኝ። የደብሩ አስተዳዳሪ «ልጄ፣ ትንሽ ቆይ» ቢሉኝም፣ በወር መጨረሻ በምልከው ሪፖርት ላይ የተጠማቂዎችን ቁጥር ማሳየት እፈልግ ስለነበር፣ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በአንድ መንገድ ላይ አስተምሮ ማጥመቁን ጠቅሼ ተከራከርኳቸው። ጃንደረባው ግን ኢየሩሳሌም ድረስ ሊሰግድ ሄዶ የተመለሰ፣ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ የተገኘና ውኃውን አይቶ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱ የጠየቀ ሰው ነበር። የእኔ ተማሪ ምንም አልጠየቀም፤ ጠያቂው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ተጠመቀ፣ ተዳረ፣ ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ በገበያ ቀን አግኝቼው ምክንያቱን ስጠይቀው «ትምህርቱን አጥናኸኝ እንጂ ልቤን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን በጸሎቴ አነሣለሁ።

በወሎ ደግሞ ከሌላው አገር ይልቅ እንድንጠነቀቅ የሚያስገድደን ታሪክ አለ። በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ወዲህ የወሎ ሙስሊሞች በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትእዛዝ እንዲጠመቁ ተገድደዋል፤ የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ደግሞ ንጉሡ የክርስትና አባት ሆነውት ሚካኤል ተብሎ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ለመሆን በቅቷል። የተገደደው ሕዝብ የደረሰበትን መከራ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ነግረዋል። ስለዚህ አንድ ቤት ገብተህ «ጥምቀት» ስትል፣ ከፊትህ የተቀመጠው ሽማግሌ የሚሰማው ካንተ የወጣው ቃል ብቻ አይደለም። ይህን የማያውቅ ወጣት ሰባኪ ሳያስበው ቁስል ይነካል።

ትምህርቱን ስትጀምር አስቀድመህ ቃሉን አጥራ። በአካባቢያችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለፈውስ ፀበል ስለሚጠመቅ፣ ብዙ ሰው «እኔማ ሦስት ጊዜ ተጠምቄያለሁ» ይልሃል። የፀበል መጠመቅ የሚደጋገም መሆኑን፣ የልጅነት ጥምቀት ግን በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» እንደምንለው አንዲት ብቻ መሆኗን ካልለየህላቸው፣ የቀረው ትምህርት ሁሉ በተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማል።

አሁን በዝግጅት ረገድ ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝን ሴት ላንሣልህ። አባቷ ክርስቲያን ቢሆንም በልጅነቷ ስለሞተ ሙስሊም እናቷ ያሳደገቻት፣ እንጀራ እየጋገረች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ፊደል ስላልቆጠረች ከምጣዷ አጠገብ ተቀምጬ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃል አስተምራት ነበር። ሊጡን ማዞር ስትጀምር «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ብላ ትነሣለች፤ እንጀራው ዓይን አውጥቶ አክንባሎውን ስትከድን «ወልደ አብ ዋሕድ» ላይ ትደርሳለች፤ ከተሳሳተች የሚቀጥለውን እንጀራ እስክታዞር ድረስ ዝም ብላ ታስባለች። ወራት አለፉ፤ ጸሎቱ ቢያልቅም ሴትየዋ ቀን ቁረጡልኝ አላለችም። ምን እንደሚያስፈራት ብጠይቃት የጠበቅሁት የሃይማኖት ጥያቄ ነበር። እርሷ ግን ስለ ሥጋ ነገረችኝ። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ታውቃለህ፤ ስትጠመቅ በዒድ ቀን ከእናቷ ድስት መቅመስ አትችልም።

የምመልሰው ስላልነበረኝ የደብሩን አስተዳዳሪ ይዤ እናትየዋ ዘንድ ሄድኩ። እናትየዋ ቡና አፍልታ አቦሉን ከቀዳች በኋላ «አብሽር ልጄ፣ አልከለክላትም፤ ግን ከገበታዬ ልትነሣ ነው ወይ?» አለችኝ። አስተዳዳሪው ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እናትና አባትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ከእንግዲህ በእርሷ ላይ ይጸናል እንጂ አይላላም» አሏት፤ ከዚያም በዒድ ቀን እናትየዋ ለልጇ ዶሮዋን ከነነፍሷ እንድትሰጣት፣ ልጅቱም በፋሲካ እንዲሁ እንድታደርግ ሁለቱም ተስማሙ። ይህ ውይይት ከወራቱ የቃል ጥናት ይልቅ ለጥምቀት አዘጋጅቷታል። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን»፣ ማለትም ገና ያልተጠመቃችሁ ውጡ፣ ሲል ማንም ሳያስወጣት ራሷ ወጥታ በደጀ ሰላም ትቆም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ «ይህን ሲሉ የማልወጣው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ መሰከርኩላት።

አንድ ሌላ ሽማግሌ ገበሬ ደግሞ ተጠማቂው ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን እንደሚክድ ስነግራቸው ደንግጠው ዝም አሉ። የአባታቸው መቃብር ከመንደራችን በስተ ምዕራብ ስለሆነ አባታቸውን እንዲረግሙ የተጠየቁ መስሏቸው ነበር። ምዕራቡ የፀሐይ መጥለቂያ በመሆኑ የጨለማ ምሳሌ እንጂ የአንድ ሰው አድራሻ እንዳልሆነ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን እንደሚናገሩ አስረዳኋቸው። ሥርዓቱን አስቀድመህ በቃል ብቻ ሳይሆን በቦታው አቁመህ አሳያቸው፤ ሦስት ጊዜ መጠመቁን፣ የሚቀቡትን ቅዱስ ዘይት ቅብዓ ሜሮኑን፣ ማተቡን፣ በዚያው ዕለት ጾመው ሥጋ ወደሙን መቀበላቸውን ሁሉ ይወቁት። የክርስትና አባትና እናትም በስም ብቻ የሚቆሙ ሳይሆኑ በቅርብ የሚኖሩና ከጥምቀቱ በኋላ ቤታቸው ሊሄዱ የሚችሉ ጎረቤቶች ይሁኑ።

ለሠርግ የሚቸኩሉትን ሁለቱን በዚህ ሳምንት ለየብቻቸው ጥራቸው። «እጮኛህ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ ትምህርቱን ትቀጥላለህ?» ብለህ ጠይቅና የሚመልሱልህን ሳታቋርጥ ስማ፤ የሠርጉን ቀን ማራዘም የሚያስፈልግ ከሆነም ሽማግሌዎች ከመላክህ በፊት ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተመካከር።