«የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ይወሰዳሉ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ሐረር ያለው ታላቅ ወንድምሽ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመረ ቆይቷል። አሁን ይጥለው ጀመረና ጤና ጣቢያ ካርባማዜፒን አዘዙለት። ጎረቤት ደግሞ «ሁለቱ ይጣላሉ፣ አንዱን ያቁም» አለችው። ምን እናድርግ ነው ጥያቄሽ።

እባክሽ አንዱንም አያቁም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ይገድላል። ጎረቤትሽ ያለችው ግን እውነት አለው፣ መድኃኒቶቹ ይጋጫሉ። መፍትሔውም የታወቀ ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት በባለቤቴ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ከተመታ ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ይወስድ ነበር። በኋላ ኤች አይ ቪ ተገኘበትና ያ በቀን አንዴ የሚዋጠው፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ ያሉበት ኪኒን ተሰጠው። ሰዓቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቡና ሳላቀርብ ኪኒኑንና ውሃውን ነው የማቀርበው። ክብደቱ ጨመረ፣ ፊቱ ተመለሰ። የቫይራል ሎዱ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤት ሲመጣ ግን አልወረደም። የምንከታተልበት ቦታ «በትክክል እየወሰደ አይደለም» አሉን። አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣው። በየጠዋቱ አጠገቡ ቆሜ የማስውጠው እኔ ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነገሩን ያገኘችው ፋርማሲስቷ ነች። «ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?» አለች። እስከዚያ ማንም አልጠየቀንም ነበር። የሚጥለው በሽታ ክትትሉ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ካርድ፣ በሌላ ቀን ነው። አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

እንዳስረዳችን ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት መድኃኒት የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ያበዛሉ። ዶሉቴግራቪርም በእነሱው ነው የሚወገደው። ስለዚህ ሥራውን ሳይጨርስ ከደም ይወጣል። ካርባማዜፒን ብቻውን በደም ውስጥ ያለውን ዶሉቴግራቪር በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ቀጣዩ ኪኒን ሊዋጥ ሲል የሚቀረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን በኩላሊት ስለሚወጡ ብዙም አይነኩም። ግን ሁለቱ ብቻቸውን ከቀሩ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል። ክፋቱ ምልክት የለውም። ሰውየው አይወድቅ፣ አይታመም፣ ሥራውን ይሠራል፣ ቤተሰቡም ዳነ ብሎ ደስ ብሎታል። ቫይረሱ ውስጥ ለውስጥ ይባዛል።

ካርባማዜፒን ለሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ጠዋት የተለመደው ፍሬ፣ 12 ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ዶሉቴግራቪር ብቻውን። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የሚወስዱም እንደዚሁ ስለሚደረግላቸው ለክሊኒኩ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንድምሽ ግን በራሱ ፈቃድ የጠዋቱን ፍሬ ማታም እንዳይደግመው። ቴኖፎቪርም አብሮ እጥፍ ይሆንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ላይ የሚመረጠው የሚጥለውን በሽታ መድኃኒት መቀየር ነው። ሌቬቲራሴታም ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋር እምብዛም አይጋጭም። ችግሩ ዋጋውና እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው፤ ከዚራን ዞረን ዞረን አጥተነዋል። ለባለቤቴ በቫልፕሮይክ አሲድ ተተካለት። ፌኖባርቢታሉ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ተቀነሰ። የማታዋ ዶሉቴግራቪር በዚያ ሁሉ ጊዜ ነበረች፣ ፌኖባርቢታሉ ካለቀ በኋላም ወዲያው አልቆመችም፤ የጉበቱ ነገር ቶሎ አይበርድማ። ቀጥሎ የተሠራው ቫይራል ሎድ ወረደ። ባለቤቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይዞት ከረመ።

ይህን የምታነቡ ሴቶች፣ ቫልፕሮይክ አሲድ ፅንስ ይጎዳል። የመውለድ ዕድሜ ላይ ያላችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትቀበሉ። ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ደግሞ ካርባማዜፒን በደማችሁ ውስጥ ከፍ ሊልባችሁ ይችላል። ራስ ካዞራችሁ፣ እግር ካንገዳገደ ተናገሩ።

እህቴ፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ «ይጥለው ጀመረ» ያልሽው ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው አዲስ ሲጥለው ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው አንጎል ላይ የሚወጣ የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ክሪፕቶኮካል የሚባለው ከፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ የአንጎል ቲቢም ሊሆን ይችላል። ካርባማዜፒን መንፈራገጡን ያስታግሳል እንጂ እነዚህን አያድንም። ሪፈር ያጽፍና ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይታይ። ራስ ምታት፣ ትኩሳት ወይም የእጅና የእግር መዛል ካለው ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት። ጫት ላይ የሚያመሽ ከሆነም እንቅልፍ ማጣት በራሱ ይጥላል፣ ለሐኪሙ አይደብቅ።

ስትሄዱ የሁለቱንም መድኃኒት ብልቃጥ ያዙ። የጨጓራ ማስታገሻ፣ ካልሲየም ወይም የብረት ኪኒን የሚወስድ ከሆነ እሱንም፤ ዶሉቴግራቪር ከነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚዋጠው። የካርባማዜፒኑ ስም በኤች አይ ቪ ክትትል ካርዱ ላይም እንዲጻፍ ቆማችሁ አስጽፉ። ቫይራል ሎድ መቼ እንደሚደገምለት ቀኑን ጠይቁ። ብልቃጡ ላይ ያለው ስም አልነበብ ካለሽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ የወንድምሽን ስም ግን ሸፍኚው።