አንታርክቲካ «በረሃ» ናት ወይ?

አንድ የጂኦግራፊ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የዓለምን ባዮሞች (በአየር ንብረታቸውና በሚኖርባቸው ሕይወት የሚለዩትን ሰፋፊ ምድሮች) ሳስተምር ‹ከሁሉ የሚሰፋው በረሃ አንታርክቲካ ነው› አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ተማሪ ‹ቲቸር፣ በረሃ እኮ ይሞቃል!› አለኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ቃሉ አይመጥንም? አጻጻፉስ በየትኛው ‹ሀ› ነው?»

መምህር፣ እርስዎም ተማሪዎም ትክክል ናችሁ። ይህን ያልኩት ለማስታረቅ ብዬ አይደለም። ቃሉ ራሱ ሁለት ቦታ ስለሚኖር ነው።

ሳይንሱን ቶሎ እንለፈው። ፈረንጆቹ «ዴዘርት» የሚሉት ምድር የሚለየው በድርቀቱ እንጂ በሙቀቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወሰን በዓመት 250 ሚሊሜትር ነው። ዝናቡም በረዶውም ተደምሮ ከዚያ በታች ከሆነ፣ ምድሩ ዴዘርት ነው። ሰሃራ 9 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ገደማ። እጅግ የቀዘቀዘ አየር እርጥበት መሸከም ስለማይችል፣ የአህጉሯ መሀል ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘው በረዶ በጣም ጥቂት ነው። የሶቪየቶች ቮስቶክ ጣቢያ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም. ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የመዘገበው እዚያ ነው። በሞንጎሊያና በቻይና መካከል ያለው ጎቢም እንዲሁ ቀዝቃዛ ዴዘርት ነው። የሂማላያ ተራሮችና የቲቤት አምባ ከደቡብ የሚመጣውን እርጥበት ያስቀሩበታል። በብርዱ ወራት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል። ባለ ሁለት ሻኛው ግመል ያን ችሎ ይኖራል።

እንግዲህ ተማሪዎ ለምን ሳቀ? እርስዎ ራስዎ ባስተማሩት ትምህርት ነው የሳቀው። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ይህ መሰላል የከፍታና የሙቀት ነው። በረሃ የታችኛው እርከን ነው፤ ከባሕር ወለል 500 ሜትር የማይሞላው። ዳሎል ላይ ደግሞ አማካይ የዓመት ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ተመዝግቧል። በዚህ መሰላል ላይ ቀዝቃዛ በረሃ ማለት የማይሆን ነገር ነው። መጽሐፉ በአንዱ ምዕራፍ በረሃን የሙቀት እርከን ያደርገዋል። በሌላው ምዕራፍ የድርቀት ባዮም ያደርገዋል። ልጁ ምን ያድርግ?

አንድ ወገን አለ፤ ሙቀቱ ከቃሉ ሥር ነው የሚል። «በረሃ» የወጣው «በርሀ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው ይላሉ። «ብርሃን» የወጣበት ማለት ነው። ፀሐይ የምትነድበት ቦታ ስለሆነ ነው ይሉናል። ያምራል፤ ግን አይገጥምም። ትግርኛን ይጠይቁ። እዚያ «ብርሃን» ያው ብርሃን ነው፤ በረሃ ግን «በረኻ» ነው። ሁለቱ ድምፆች አልተቀላቀሉም። እኛም ብንሆን «በረኸኛ» ስንል ኸን አልጣልናትም። ኸ ደግሞ በግእዝ ፊደል ውስጥ የለችም፤ ለአማርኛ የተጨመረች ፊደል ናት። ስለዚህ ብርሃንን እዚህ አታምጡብኝ።

አነጋገራችንም ከእነሱ ጋር አይቆምም። እገሌ «በረሃ ገባ» ሲባል ሸፈተ ማለት ነው። ሙቀት ፍለጋ ሄደ ማለት አይደለም። «በረኸኛ» የተባለውም ከሰውና ከሕግ ስለራቀ እንጂ ላብ ስላጠመቀው አይደለም። የቃሉ ልብ ባዶነት ነው። ሙቀቱ በኋላ የተለጠፈ ነው፤ የለጠፈውም ደገኛው ይመስለኛል። ደገኛ የሚያውቀው ሰው አልባ ሰፊ ምድር ታች ነበር፤ ንዳዱና ሐሩሩ ያለበት። ባዶውና ሙቁ አንድ ቦታ ስለነበሩ፣ በአንድ ቃል ታሰሩ።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የፈረንጆቹ «ዴዘርት» ከላቲን የመጣ ሲሆን «የተተወ» ማለት ነው። ግሪኩ ለዚሁ ምድር «ኤሬሞስ» ይላል፤ ከዚያም የባሕታዊ ስም ወጣ። ግእዝ ደግሞ «በድው» እና «ገዳም» አለው። አዎ፣ ገዳም! መነኮሳት ሳይሰፍሩበት በፊት ሰው የማይኖርበት ምድር ነበር። ዮሐንስ መጥምቅ በግእዙ ወንጌል የሚሰብከው «በገዳመ ይሁዳ» ነው፤ በአማርኛው በይሁዳ ምድረ በዳ ነው። መነኮሳቱ ወደ ባዶው ሄዱ፤ ስሙ ከእነሱ ጋር ቀረ። «በድው» ከዐረቡ «በደዊ» ጋር ዘመድ ነው። ከአንዳቸውም ውስጥ ሙቀት የለም።

ከዚህ «በድው» ነው «ምድረ በዳ» የመጣው። እኔ የምወደው ይህን ነው። «በዳ» ብቻዋን መቆም አትችልም፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ፣ ከፊቷ «ምድረ» ባይኖር ክፍልዎ ውስጥ ከዛሬው የባሰ ሳቅ ይነሳ ነበር። «ቀዝቃዛ ምድረ በዳ» ሲባል ለጆሮዬ ይጥማል። «ቀዝቃዛ በረሃ» ይጎረብጠኛል። ምክንያት አምጣ ብባል የለኝም። የበረሃ ልቡ ባዶነት ነው ብዬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ፤ በዚያ መንገድ ከሄድን ቀዝቃዛ በረሃ ምንም ነውር የለበትም። ግን ጆሮ ነውና አይታዘዝም።

ለነገሩ ብወድም ባልወድም ጉዳዩ አልቋል። ከሊቢያ የተመለሰ ወጣት «በረሃ አቋርጬ» ይላል እንጂ «ምድረ በዳ አቋርጬ» አይልም። ለም መሬት ሲራቆት «በረሃማነት» እንላለን፤ መሥሪያ ቤቱም ሬዲዮውም እንደዚያው። ሌላም የሚያሸንፈኝ ነገር አለ። «ምድረ በዳ» የጠፋ፣ ምንም የማይገኝበት ይመስላል፤ «ቤቱ ምድረ በዳ ሆነ» እንል የለ? ባዮም ግን የሕይወት ስም ነው። አፋር ውስጥ ከዓለም ሊጠፋ የተቃረበው የዱር አህያ አለ። ግራሩ አለ። ከግመሉና ከፍየሉ ጋር የሚኖረው ሕዝብ አለ። የእሱን አገር «ባዶ» ብሎ የሰየመው ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው። አንታርክቲካም ቢሆን ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊኑን ትቶ፣ ወደ ሰሜን በተዘረጋው ልሳነ ምድሯ ላይ ሁለት አበባ አውጪ ዕፅዋት ይበቅሉባታል።

ስለዚህ መምህር፣ «በረሃ» ይበሉ። ግን ልጆቹን መጀመሪያ ያስጠንቅቋቸው፦ የአገራችን በረሃ የከፍታ እርከን ነው፣ የባዮሙ በረሃ የዝናብ ማነስ ነው። «ሙቅ በረሃ» እና «ቀዝቃዛ በረሃ» ብለው ይክፈሉላቸው፤ እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ። «ቱንድራ»ን፣ ያን ዛፍ የማይበቅልበት የሰሜኑን ቀዝቃዛ ምድር፣ «ውርጭ» ብለው የሚተረጉሙትን ግን አይከተሉ። በባሌ ተራሮች ሳኔቲ አምባ ላይ ያለው ጅብራና ቀይ ቀበሮ በየሌሊቱ በሚመጣና በሚሄድ ብርድ ይኖራሉ፤ የሳይቤሪያ አጋዘን ወራት በሚቆይ ጨለማና ብርድ ይከርማል። ቱንድራን ሩሲያኖቹም ከሰሜን ሕዝቦች የተዋሱት ነውና፣ እኛም እንዳለ ብንወስደው አያሳፍርም።

የቀረው አጻጻፉ ነው። በእኔ እጅ ቢሆን «በረኻ» ነበር፤ «በረኸኛ»ን እየጻፍን እናቱን በሌላ ፊደል መጻፍ ዓይን ያማል። ጋዜጣውም መማሪያ መጽሐፉም የያዙት ግን «በረሃ»ን ነው። ፈተና ላይ እንደዚያ የጻፈ ልጅ ነጥብ አይቀነስበት። «በረሐ» ያለውን ግን ቀይ እስክሪብቶ ያሳዩት።