ሞዴላችሁ ውስጥ ያለው ሰውዬ ማነው?

ባሕር ዳር ፋርማሲና ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፤

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚጓዝበትን መንገድ በኮምፒውተር ሞዴል ለማስላት ስትነሡ ሳይ ደስ ይለኛል። ሥራው ያስፈልገናል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ስዊድናዊው ቶርስተን ቴዮሬል እ.ኤ.አ. በ1937 ጽፎታል። ጉበቱን፣ ኩላሊቱን፣ ጡንቻውን፣ ስቡን ለየብቻ ታስቀምጡና በደም ታገናኟቸዋላችሁ። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፤ ከዚያ ውስጥ 1.5 ሊትር ያህሉ ጉበት ይደርሳል። ከዚያ በየክፍሉ የገባውን፣ የወጣውንና እዚያው የተሰባበረውን መድኃኒት መቁጠር ነው። ሒሳቡን ትደርሱበታላችሁ፤ እሱ አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የማን ጉበት ነው? ከፕሮግራሙ ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ አውሮፓዊ ነው። የእናንተ ታማሚ ደግሞ ከዘጌ ወይ ከደምቢያ የመጣ ገበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም ከሚሠራው ዘረመል ከተለመደው በላይ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ይኸው ኢንዛይም ነው። ቅጂው ሲበዛ ሞርፊኑም ይበዛል፤ ስለዚህ እዚያ ልክ የሆነው መጠን እዚህ ለአንዱ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሊሆን ይችላል።

ምግቡም አለ። ጣና ዳር ወባ እንግዳ አይደለችም። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ለአዋቂ 4 ፍሬ በአንዴ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ ይዋጣል። ውስጡ ያለው ሉሜፋንትሪን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነው። አንዲት እናትን «ከወተት ጋር ዋጪው» ትሏታላችሁ። ሁዳዴ ነው፤ እናትየዋ እሺ ብላ ትሄድና ቤቷ ገብታ በባዶ ሆድ በውኃ ትውጠዋለች። ዘይት ያለው ሽሮ በልታ እንድትውጥ ብትነግሯት ግን ትሰማችኋለች። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ሊፈቅዱ እንደሚችሉም አስታውሷት፤ የመጀመሪያው መጠን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ የለበትም።

ሞዴሉ ላይ «የበላ» እና «ያልበላ» የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ለመድኃኒት ፈቃድ በሚደረግ ሙከራ «የበላ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 1000 ኪሎካሎሪ ያለው፣ ግማሹ ከቅባት የሚመጣ ቁርስ ነው። የሁዳዴ ሽሮ እዚያ የለም። እናንተ አስገቡት።

ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትቅሩ። ይህን ሒሳብ የሚሠራው ፒኬ-ሲም የሚባል ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ግን ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት መድኃኒት ማደያው መስኮት ጋ ቁሙና ሰው ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን በልቶ እንደመጣ ስሙ። ግራፉ ስላማረም አትመኑት። ከታማሚ ደም ከተለካ ውጤት ጋር አስተያዩት።

አንድ ልማድ ደግሞ አሁኑኑ ያዙ። ከምታስገቡት ቁጥር ሁሉ ጎን ከማን፣ የት፣ ከስንት ሰው እንደተለካ ጻፉ። እዚህ የተለካ ከሌለ ቦታውን በቀይ አስምሩበት። የመመረቂያ ርዕስ ስትፈልጉ መጀመሪያ እነዚያን ቀያዮች እዩ።